በኅዳር የታጠነ ነጭ ሽንኩርት

መስከረም 19 ቀን 2017፣ እሑድ

እንድጽፍ የታዘዝኩት ስለ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ምን ነሰነስኩ፣ መቼ አጠጣሁ፣ ምን ፍግ ጨመርኩ። ያዘዘችኝ ማኑሄ ናት፤ 18 ማዞሪያ ባልትና ቤት ያላት። በርበሬውም ሽሮውም አላት፣ ስሟን ያስጠራው ግን ዳጣዋ ነው። ዳጣ ውስጥ ቃሪያውም ነጭ ሽንኩርቱም በጥሬው ነው የሚፈጨው፤ ምንም የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ መጥፎ ነጭ ሽንኩርት ወዲያው ያሳጣል። «ኦርጋኒክ ነው የሚለኝ ሰው ሞልቷል» አለችኝ። «ሁሉም በአፉ ነው። ያንቺ ደብተር ይኑረው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ገልጬ ላሳይ።» ደብተሩ ከተሟላና ሽንኩርቱ ከጣማት ያለኝን በሙሉ ልትወስድ ቃል ገብታለች።

ደብተሩ የአበባ እርሻው ነው። እርሻው ሲዘጋ ከማሸጊያ ክፍል የወሰድኩት ይህን መዝገብ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ አንድ መዝገብ። ሠራተኛ ቅጠል ገንጥሎ ጥፋቱን እንዳይደብቅ ገጾቹ ሁሉ ቁጥር ታትሞባቸዋል። «የዘንግ ርዝመት»፣ «የተጣለ» የሚሉ ዓምዶች አሉት፤ እኔ በላያቸው ላይ እየጻፍኩ ነው። ሳሌንም ከዚያው ነው ያመጣሁት። መድኃኒት በተረጨ ማግስት አበባውን በባዶ እጃችን እናስር ነበር። ጓሮዬ ውስጥ የመርጫ ዕቃ እንዳይገባ የማልኩት ያኔ ነው።

ጓሮዬ እላለሁ እንጂ ጓሮው የእማዬ ነው፣ ቤቱም የእማዬ። ወንድሜ አምሐ ጓሮው ላይ ሦስት የኪራይ ክፍል መሥራት ይፈልጋል። የሚነዳት ሚኒባስ አርጅታለች፤ ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን የምትውለው ጋራዥ ነው፣ እሱ ደግሞ ሚስትና ሁለት ልጅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ሰኔ ላይ ስንጨቃጨቅ እማዬ ፈረዱ። «እስከ ገና ጓሮው የእሷ ነው። ሰው ፈልጎ የሚገዛው ነገር ካሳየችን ትቀጥል። ካልሆነ መሠረትህን ቆፍር» አሉት። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጓሮው ከሄደ ከእማዬ አልጋ አጠገብ ካለችው ፍራሽ በስተቀር የኔ የምለው ነገር የለኝም። ይኸው፣ ስለ ሽንኩርት ብቻ ጻፊ ተብዬ የት ደረስኩ።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ዋግ! ሦስተኛው መደብ ላይ፣ ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አውጥቷል። ዝናቡ አልወጣ ብሎ ነው። የታመመውን ቅጠል ሁሉ ቆርጬ ከጓሮው አስወጣሁ፤ አመድ ነሰነስኩ። አምሐ በመስኮት አየኝ።

«ምነው፣ ታመመብሽ እንዴ?»

«ጸጉሩን እየተስተካከለ ነው» አልኩት።

መስከረም 30፣ ሐሙስ

አመድ እንደገና። ሦስተኛው መደብ ብቻ። አልተዛመተም፣ ተመስገን። ሲነቀል ለብቻው ይቀመጣል፤ ከሌላው ጋር አልቀላቅለውም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ጥሩሰው አንድ የእጅ ጋሪ ሙሉ ፍግ አመጣ። ከመድኃኔዓለም በታች ሦስት ላም ያለው ወተት ሻጭ ነው። ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ዕድሜውን አላውቅም፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ፍጉ ስምንት ወር የተብላላ፣ በእጅ ሲይዙት ፍርፍር የሚል፣ ሽታ የሌለው ነው።

ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ሊነቀል ወር ሲቀረው ፍግ አይጨመርም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ታዲያ ለምን ደከሙ?» አልኩት።

«ለሚቀጥለው ይቀመጥልዎት» አለኝ።

ለሚቀጥለው! እማዬ «እግዜር ያውቃል» ይላሉ፣ አምሐ ያፏጫል፣ እኔ ራሴ ቀን እቆጥራለሁ። የሚቀጥለው እንዳለ አድርጎ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ለነገሩ ላሞቹ የሚጥሉትን የት ያድርገው፤ ቦታ ጠቦት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

(ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ደብተሬ ነው።)

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ትናንት ልብስ ሳሰጣ አምሐ ከግንበኛው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አዎ፣ ሦስት ክፍል። አጥሩን ተጠግተን። የአባዬ ጉድጓድ አለ፣ እሱ ይደፈናል... አይ፣ ብሎኬቱን ገና አታምጣ። ምን ላድርግህ፣ እህቴ ናት።»

«ምን ላድርግህ፣ እህቴ ናት።» ሸክም የሆነች ዕቃ ይመስል! ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። ማታ ከልጆቹ የተረፈውን ሙዝ ይዞልኝ መጣ፤ አልበላሁትም። ዛሬ ጠዋት በላሁት።

አባዬ ያንን ጉድጓድ በገዛ እጁ ነው የቆፈረው። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር የበጋ አትክልት የሚታሰበው እሱ ስላለ ነው። ይህን ለአምሐ ብነግረው ጥሩ ነበር። በመንገር ፈንታ በር ወረወርኩበት።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ማኑሄ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጭ ጫማ ጓሮ ገባች! አስጠንቅቄያት ነበር። አንዱን ነቀለች፣ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገች፣ አንድ ፍንካች ልጣ በጥሬው ቆረጠመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይኼ ይናገራል» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የገበያው ራሱ ትልቅ ነው፣ ግን ዲዳ ነው። እናቴ ዳውሮ ሳለች የምትፈጨው እንዲህ ያለውን ነበር።» ከዚያ ደብተሩን ጠየቀችኝ። ስለ ፍግና ስለ አመድ ያለውን አነበብኩላት፤ ሌላውን ዘለልኩት።

«ሲደርቅ አምጪው። ሁሉንም። ለገና ዳጣ እፈልገዋለሁ» ብላ ሄደች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እማዬ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፤ አምሐ ሲገባ ሦስት ጊዜ ነገሩት። ሦስተኛው ላይ «ሰማሁ እኮ እማዬ» አለ፣ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ወይም ለእኔ መስሎኝ ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ነቀልን። ወገቤ የኔ አይደለም። እማዬ አፈሩን ያራግፋሉ፣ እኔ እጎነጉናለሁ፣ ጥሩሰው ይሰቅላል። አምሐም አንድ ሁለት ሰዓት አገዘን፤ ሚኒባሷ ጋራዥ ስለሆነች ነው። ከሦስተኛው መደብ ሌላ እርጥቡ አንድ ኩንታል ከሃያ መዘነ፣ ሲደርቅ ኩንታል ይወጣዋል። አጠና ተራ ሄጄ በገዛሁት አጠና የሠራነው ዛኒጋባ ውስጥ፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ተሰቅሏል። የሦስተኛው መደብ ለብቻው ነው። ሦስት ሳምንት በነፋስ መድረቅ ብቻ ነው የቀረው። እጄን ታጥቤም ታጥቤም ይሸተኛል፣ ደስ ይላል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን! ሰፈሩ በሙሉ ከማለዳ ጀምሮ ጭስ ነው። እማዬ «የዓመቱ ቆሻሻ ከግቢያችን ሳይወጣ ሚካኤልን በምን ዓይኔ ላየው ነው» እያሉ ሳይነጋ መጥረጊያ አስያዙኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የጠረግሁት፤ ልጅ ሳለሁ ከበዓል ሁሉ የምወደው ይህን ነበር። የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የአባዬ ተረከዝ የሌለው ጫማ፣ ሁለት አሮጌ ጎማ። ሁሉንም ጓሮ ጥግ ከምሬ ለኮስኩት። ጎማው አልያዝ ብሎ አስቸግሮ ነበር፣ ኋላ ሲይዝ ግን የጎረቤት ቤት እስኪሰወር ድረስ ጨሰ። ልጆቹ ጨፈሩ።

ነፋሱ ጭሱን ወደ ዛኒጋባው ነበር የሚወስደው። እማዬ «ደግ ነው፣ በኛ አገር ዘር የሚሰቀለው ከምድጃ በላይ ነው፤ ጭስ ነቀዝ አያስጠጋም» አሉ። እውነትም ነው። ቶሎም ይደርቅልኛል።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ትናንት ጾም ገባ። ለሽሮው አንድ ራስ ከዛኒጋባው አወረድኩ። ስልጠው ጣቴ ሸተተኝ። ቀመስኩት። የተቃጠለ ጎማ።

ሌላ አወረድኩ። ያው ነው። ከወዲያኛው ጥግ አወረድኩ። ያው።

ጎረቤቶቻችን ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ፕላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ያገኙትን ሁሉ ሲያነዱ ዋሉ። ሰው እንዴት ለሰው አያስብም? ነፋሱ ከነሱ በኩል ነበር። እማዬን አስቀመስኳቸው፣ «ምንም አይሸተኝም» አሉ። እማዬ ከኮሮና ወዲህ አፍንጫቸው ሥራ አቁሟል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ውጨኛውን ልጣጭ ገፈፍኩ። ይሸታል። ሁለተኛውን ገፈፍኩ። ያነሰ ይሸታል። ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ይሸታል።

ጥሩሰው መጣ። በጾም ወተት የሚገዛው ስለሌለ ሥራ ፈቷል መሰለኝ። አንድ ፍንካች ሰጠሁት። አኘከ፣ ዋጠ።

«ይናገሩ እንጂ!»

«ምን አነደዱ?» አለኝ።

«ጎረቤት ነው።»

አጥሩን አየ። ከዚያ ጓሮ ጥግ ያለውን አመድ አየ፤ ከጎማው የተረፈው ጥቅል ሽቦ እንደተገተረ ነው። «ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ። ሲሄድ ሽቦውን ቀበርኩት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ጎረቤት አይደለም።

እኔ ነኝ። ነፋሱ ከነሱ በኩል አልነበረም፤ ኅዳር 12 ቀን በገዛ እጄ ወደ ዛኒጋባው ነበር ብዬ ጽፌዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሌላ ሰው መርዝ ስተነፍስ ኖሬ፣ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ጓሮዬ አይገባም ብዬ ምዬ፣ ጎማ ለኩሼ በደስታ ቆሜ አየሁ። ደግሞም እየዘፈንኩ።

ያ ገጽ 14 ነው። ትናንት ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ይዤ ትንሽ ጎትቼዋለሁ፤ ከላይ በኩል ተቀዷል፣ ማንም ያያል። ብገነጥለው ከ12 ወደ 15 ይዘላል። ማኑሄ ቁጥር ማንበብ አያቅታትም።

አምሐ ጉዳዩን ሰምቷል። «ልጠሽ በጆንያ አስረክቢያት። ከቃሪያ ጋር ሲፈጭ ማን ያውቃል? ሽታው ይጠፋል» አለኝ። ይህን ሲል ፊቴን አላየኝም። እኔም ዛሬ ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። አንዴም ለራሴ «አዎ፣ ሽታው ይጠፋል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የእርሻው አለቃ ስለ መድኃኒቱ ስንጠይቀው የሚለን ይህንኑ ነበር። ቃል በቃል።

ሽታው ይጠፋል። ጓሮው ግን አይጠፋም፣ ዝም ካልኩ። ከተናገርኩ ማኑሄ አትገዛም፣ ገና ይመጣል፣ ጉድጓዱ ይደፈናል። አምላኬ፣ ለሁለት ጎማ!

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ማኑሄ ደወለች። «ማክሰኞ አምጪው፣ ቃሪያው ደርሷል።» እሺ አልኩ።

ማዞሪያው ጋ ታክሲ ስጠብቅ ጥሩሰው አገኘኝ። ሳልጠይቀው ስለ ላሞቹ ያወራልኝ ጀመር። አንዷ ታማ መድኃኒት የተወጋች ሳምንት ወተቷን ይደፋዋል አሉ። «ደንበኛ አያውቅም። እኔ ግን ስቀዳለት ዓይኑን ማየት አለብኝ» አለኝ። ይህን ለምን እንደነገረኝ አልገባኝም። እቤት እስክደርስ ተናድጄበት ነበር።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ እጄ ቢደክምም።

አምሐ ረዳቱን አስቀርቶ ጆንያዎቹን ራሱ ጫነልኝ። ባልትና ቤቱ ጋ ሲደርስ ጆንያዎቹን አውርዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ይሄዳል ብዬ ነበር፣ አልሄደም።

ማኑሄ ጆንያውን ፈትታ አንድ ራስ አነሳች። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ።

«ቆይ፣ አትቅመሽው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎማ አንድጄ አጥኜዋለሁ። አውቄ አይደለም። ግን እኔ ነኝ።»

ክው አለች። ሽሮ የምታስመዝን አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ማኑሄ ብነግራትም ቀመሰችው፤ መዳፏ ላይ ተፋችው።

«ለዳጣ አይሆንም» አለች። «አይሆንም! ጎማው ነው የሚቀድመው። ምን ነካሽ እፀገነት? እንዲህ ያለውን ነጭ ሽንኩርት!» ተቆጣች፣ በደንብ ተቆጣች። እኔ ቆሜ ተቀበልኩ። ቁጣዋ ግን ለሽንኩርቱ ከማዘን የመጣ ነበር፣ እኔም ያዘንኩት ለሱ ነው፤ በዚያች ሰዓት እንደ እሷ የተረዳኝ ሰው አልነበረም።

«ደብተሩን አምጪ።»

ሰጠኋት፤ ስለ ጥሩሰው የጻፍኩበትን ቦታ በጣቴ ሸፍኜ። ጣቴን አንስታ አነበበችው።

«ጥርሱ ሙሉ ነው?» ብላ አየችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ገጽ 14 ላይ ደረሰች። የተቀደደውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ጎማውን አነበበች፣ ጎረቤቶቼን የሰደብኩበትን አነበበች፣ እኔ ነኝ ያልኩበትን አነበበች። ሽሮ የምታስመዝነው ሴት ሽሮዋን ረስታ አንገቷን አስግጋለች።

«ለምን ገንጥለሽ አልጣልሽውም?»

«ቁጥር አለው።»

ማኑሄ ሳቀች። በዚህ ጊዜ አምሐ ከበሩ ላይ ተናገረ።

«ጎማው የኔ ነው» አለ። «አንከባልዬ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፣ ጨምሪው ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷማ ይሸታል ብላኝ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስቲ አሳዪኝ፣ እዚያ ላይ ስሜ አለ?»

«የለም» አለች ማኑሄ ገጹን እያየች።

«ለምን አልጻፍሽውም?»

ምን እመልሳለሁ? የለኮስኩት እኔ ነኝ፣ ክብሪቱ በእጄ ነበር። ደግሞ ቤት ውስጥ የምንጣላበት ነገር ሞልቶናል፤ ደንበኛ የሚያነበው ደብተር ላይ የወንድሜን ስም ምን አመጣው? ይህን አላልኩም። አምሐ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ፤ አባዬም ሲያፍር እንዲሁ ነበር።

ማኑሄ ደብተሩን ዘጋችው። «ጎማውን የጻፈች ሴት ፍጉን አልዋሸችም» አለች ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ትንሿን ጆንያ በእግሯ ነካ አድርጋ፣ «ይቺስ?» አለችኝ።

«የሦስተኛው መደብ። ዋግ የነካው። ለብቻው ነው።»

«እሱን ተይው። ሌላው ለመብላት አይሆንም። ለመትከልስ?»

ዳውሮ ያሉት ወንድሞቿ አምና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘር ገዝተው ማሳቸው ሥሩ በስብሶ አለቀባቸው። ዘንድሮ ዘር ፍለጋ ያልረገጡት ገበያ የለም። ደብተር ያለው ዘር ግን አይተው አያውቁም። «ልጣጩ ቢሸትም ፍንካቹ አፈር ከገባ በኋላ ማን ያሸተዋል? የኛም ቤት ዘር ከምድጃ በላይ ነው የሚሰቀለው» አለች። ቀጥላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ለኔ ደግሞ በበጋ አብቅለሽ አምጪልኝ። ለፋሲካ ዳጣ። በዚያ ጓሮ ጭስ ካየሁ ግን ጨርሰናል!»

ስንመለስ አምሐ ጋቢና አስቀመጠኝ፣ መስኮቱንም ከፈተልኝ፤ ጭስ ያስለኛል ብሎ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

የማኑሄ ታናሽ ወንድም መጥቶ ሰማንያ አምስት ኪሎውን ወሰደ። እያንዳንዱን ራስ እየዳሰሰ፣ ደብተሩን በስልኩ ፎቶ እያነሳ። ፎቶ ሲያነሳ አንዳንዱን ገጽ በክንዴ ሸፈንኩ። ለጓሮው አሥራ አምስት ኪሎ አስቀርቻለሁ። የሦስተኛውን መደብ ቤት ውስጥ እየበላነው ነው፤ እማዬ ምንም አይሸታቸውም፣ ተመስገን።

ጓሮው ይቆያል ብሎ የተናገረ ግን ማንም የለም። አምሐ ስለ ክፍሎቹ ዝም ብሏል። ዝምታው ከጭቅጭቁ ይብስብኛል። እኔም አልጠይቅም፣ የፈራሁትን ላለመስማት።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

እማዬ ማዕድ ላይ ፈረዱ። «ሰው ፈልጎ የሚገዛው ነገር አሳየች አይደለም? አገር አቋርጦ መጥቶ ነው የገዛት» አሉ። አምሐ ሥጋውን እያኘከ፣ «እሺ እማዬ። ብቻ ግንበኛው ዓርብ ይመጣል» አለ። ከዚያ በኋላ የበላሁት ምን እንደሆነ አላውቅም። እሺ ብሎ ግንበኛ መጥራት ምን ማለት ነው?

ጥሩሰው የጾም መፍቻ ወተት ይዞ መጣ። የጠሩት እማዬ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። እስከ በር ስሸኘው «አይዞሽ» አለኝ። አይዞዎት አላለም። ራሱም ልብ ያለው አልመሰለኝም። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ትንሽ ቆሜያለሁ፤ የቆምኩት መቀርቀሪያው አልገባ ብሎኝ ነው።

ጥር 2፣ ዓርብ

ግንበኛው ኢዮሲያስ በጠዋት መጣ፣ ችካሉንና ሲባጎውን ይዞ። እኔ ከጎህ ጀምሮ ጓሮ ነበርኩ። መደቦቹን ቆፍሬ፣ የጥሩሰውን ፍግ አልብሼ፣ ፍንካቾቹን በቅርጫት አቅርቤ ነበር። ከመጡብኝ ተክዬ ይምጡብኝ፣ ከነቀሉም የበቀለ ይንቀሉ ብዬ ነው። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ፈርቼም አላውቅም።

ችካል ሲመታ ሰማሁ። ድምፁ ግን ከጓሮ አልነበረም። ብቅ ብል አምሐና ኢዮሲያስ የግቢው በር ጥግ፣ ሚኒባሷ በምትቆምበት ቦታ ሲባጎ ወጥረዋል። አንድ ክፍል። አንድ ብቻ።

«ሚኒባሷስ?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ታድራለች። ማን ይሰርቃታል፣ ቢሰርቃትም ይመልሳታል» አለ።

«ሌላው ሁለቱ ክፍልስ?»

«ማኑሄ ለፋሲካ ነው ያለችሽ አይደል? ታዲያ የት ልትተክዪው ነው፣ ጣራ ላይ?» አለና ፊቱን አዞረ። ማመስገን አቃተኝ፤ አልቅሼ አበላሸሁት። ኢዮሲያስ ሜትሩን እንደያዘ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ አምሐ የተረፈውን ሲባጎ ይዞ ጓሮ መጣ። መደቦቼን አየ፣ አንገቱን አጋደለ፣ «መስመርሽ ጠማማ ነው» አለኝ። ከአንዱ ጫፍ እኔ፣ ከሌላው ጫፍ እሱ ሆነን ወጠርነው። «ቀጥ አለ?» «ቀጥ ብሏል።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቅርጫቱ አንድ ፍንካች አነሳና የመጀመሪያዋን እሱ ተከላት፤ በትልቅ ጥንቃቄ፣ አፈሩን በመዳፉ እየተጫነ። ሥሯን ወደ ሰማይ፣ ጫፏን ወደ ታች አድርጎ ነበር።

ውኃ ሊቀዳ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ አውጥቼ አስተካክዬ መለስኳት።